ሰባ ቀን በጓዳ

የወይንሐረግ ሱሉልታ ከገባች ወዲህ እንቅልፏ ሳስቷል። አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ሳለች ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሬዲዮ ሲለፈልፍ፣ ከበራፏ የጠላ ቤት ደንበኞች ሲጨቃጨቁ፣ ከላይ ከመንገዱ መኪና ሲያጓራ እያመሸ እሷ እንደ ሕፃን ትተኛ ነበር። እዚህ የሚቀሰቅሳት ጸጥታው ነው።

ሰፈሩ ከጎጃም መንገድ አስፋልት ሃያ ደቂቃ በእግር ወደ ውስጥ ይገባል። ሰፋፊ ግቢ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ገና ያልተለሰነ የብሎኬት ቤት፣ በሁለት ቤት መካከል ደግሞ ያልተሸጠ የስንዴ ማሳ። ጎህ ሲቀድ ሯጮቹ በቱታ ተከታትለው ያልፋሉ። የእነሱ ኮቴ ከራቀ በኋላ ሥራ ያለው ሁሉ ሚኒባስ ላይ ተጭኖ፣ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ነፋስና ላም ብቻ ነው። ከከተማ ለጥየቃ የመጣ ዘመድ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ «እናንተስ ተገላገላችሁ» ይላል። የወይንሐረግም የመጀመሪያውን ሰሞን እንዲያ ብላ ነበር። አሁን ግን ጸጥታው የሚያገለግላት ለአንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ የባሏን ትንፋሽ ለማዳመጥ።

ባሏ ይገዙ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲጠርዝ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የመድኃኒት ማዘዣ እንኳን እጁ ሲገባ አራቱን ጠርዝ ሳያስተካክል የማያስቀምጥ ሰው። ልቡ ሰፍቷል። ሐኪሙ ለልጃቸው ለቢታንያ ሥዕል ስሎ አስረዳት፤ እሷ ደግሞ ለእናቷ «እንደ አሮጌ ላስቲክ በይው፤ ተለጥጦ መመለስ አቅቶታል» ብላ አስረዳቻት። ሲመሽ እግሩ ያብጣል። ጋደም ሲል ያፍነዋል። ሳሉ ከሆዱ ስር የሚመጣ፣ ጀምሮ የማይጨርስ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው የወይንሐረግ በድፍረት ስትጠይቅ ሐኪሙ «መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ ጨው ይተው» አላት። በዚህ መልስ ውስጥ ያልተባለውን ሰምታ ወጣች።

በመስከረም አጋማሽ የድሮው ሰፈር እድራቸው ጸሐፊ ደወለ።

«እትዬ የወይንሐረግ፣ እንግዲህ ፈርሷል» አላት።

«ምኑ?»

«እድሩ ነዋ። ሰው ሁሉ ተበተነ። ግማሹ ቡራዩ፣ ግማሹ ሰበታ፣ እናንተ ተራራ ማዶ። በክረምቱ ጋሽ ካሣዬ ሲሞት ድንኳኑን ሰበታ ለማድረስ ስንል ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን ደረስን። በዓይናችን አየነው። ስለዚህ ተሰብስበን ዕቃውን እንከፋፈል ተባለ።»

«ዕቃውን?»

«ለእናንተ አንድ አግዳሚ ወንበር ደርሷችኋል። በአይሱዙ እልካለሁ።»

አግዳሚው በሳምንቱ የሰው ሶፋ ላይ ተደርቦ መጣ። በመደገፊያው ላይ በነጭ ቀለም «የወንድማማቾች መረዳጃ እድር» የሚል ተጽፎበታል። ይገዙ በመዳፉ ዳሰሰውና ተቀመጠበት።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ተሸክሜ የደረሰኝ መቀመጫ» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት።

እሷ አልሳቀችም። ሱሉልታ በገቡ ሰሞን የአጥር ጎረቤታቸው ዱርሲቱ «የእኛ እድር ግቡ እንጂ» ብላቸው ነበር። ይገዙ ያኔ በእግሩ አስፋልት ድረስ ደርሶ የሚመለስ ሰው ነው። «ሁለት እድር የሚገባ ሁለት ጊዜ ሊሞት ያሰበ ነው፤ ለእኔ አንዱም በዝቶብኛል» ብሎ በቀልድ መለሳት። የወይንሐረግም አልገፋችም። ልቧ ያለው እዚያ ማዶ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ሁለተኛውን ጩኸት ሳትጮኽ ግቢው በሰው ሞልቶ፣ ይገዙና ጓደኞቹ የድንኳኑን ገመድ ሲወጥሩ፣ ሴቶቹ ድስቱን ሲያወርዱ ያየችው እሪ በከንቱ ነው። እንዲያ ያለ ሰው በሌላ ይተካል ብላ አላሰበችም። ሰፈሩ ለልማት ተነሥቶ፣ ሰዉ በአራት አቅጣጫ ሄዶ እንኳ፣ የሚሞት ሰው ካለ ሁሉም ዞሮ እዚያ የሚሰበሰብ ይመስላት ነበር።

ከአግዳሚው መምጣት በኋላ ግን በነሐሴ ያየችው ነገር ከዓይኗ አልሄድ አለ። ከታች ካሉት የኪራይ ቤቶች ከአንዱ አንድ ሚኒባስ ሬሳ ጭኖ ወጣ። አጃቢው አራት ሰው ነው። ጭቃው ጎማውን ሲይዘው ከአራቱ ሁለቱ ወርደው ገፉ፤ አንደኛዋ ሴት መስኮቱን ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ማን እንደሞተ ሰፈሩ አላወቀም። ጡሩምባ አልተነፋም። የወይንሐረግ በሯ ላይ ቆማ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና መኪናው ሲሄድ ገባች። አሁን በሐሳቧ ያንኑ መኪና ታየዋለች፤ ውስጡ ይገዙ አለ፤ የሚገፋው ግን አልታይ ይላታል። ቢታንያ አንድ ናት። እሷ ራሷ ጉልበቷን ታማለች።

በጥቅምት ሁለት ወተት ልትቀዳ ዱርሲቱ ዘንድ ሄደች። ዱርሲቱ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አራት ላም የምታልብ፣ በእድሩ የሴቶች ተወካይ የሆነች የአርባ ዓመት ሴት ናት።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደርሽ፣ እትዬ የወይን። ፈያ? ደህና?»

«ፈያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና የወይንሐረግ ጣሳዋን አቀበለቻት። የአዲስ አበባ ሰው ልማድ ሆኖባት ነገሩን በቀጥታ መናገር አልሆነላትም። «አንድ ዘመዴ እዚህ አካባቢ ልትገባ ነው፤ ስለ እድሩ ጠይቂልኝ አለችኝ።»

«ትምጣ። ቤተሰቧ ጤነኛ ነው?»

«ምነው?»

«አይ፣ ካቻምና የሆነው ነው። ከላይ በኩል ያሉ ሰዎች አባታቸው አልጋ ላይ ነበር። ደብቀው ተመዘገቡ። አባትየው በሃያኛው ቀን ሞተና ጡሩምባ ይነፋልን አሉ። ኦቦ በዳዳ፣ ዳኛችን፣ ራሱ ሄዶ ‹ዋሽታችሁናል› አላቸው። ድንኳን ሳይተከልላቸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ድረስ ሄደን ሰውን በዓይናችን ሳናይ አንመዘግብም። የታመመ ያለ እንደሆነ ደግሞ...»

ጥጃው ገመዱን በጥሶ ወደ እናቱ ሮጠ። ዱርሲቱ ዱላ አንሥታ ተከተለችው። የወይንሐረግ የቀረውን ለመስማት አልቆመችም። ድንኳን ሳይተከልላቸው ቀረ የሚለው በቅቷታል። ወተቱ በጣሳው ጠርዝ እየፈሰሰ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጥቅምት ሦስት ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄደች። ጸሐፊው ባርናባስ ይባላል፤ ከወላይታ መጥቶ ከታች ያለው ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ የሆነ፣ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ በመጣ በሁለተኛ ዓመቱ መዝገብ የተሰጠው ወጣት። ስሟን ጻፈ፣ የባሏን ስም ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ።

«አባታችን ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። ከልጃችን ጋር በጠዋት ይወጣል፣ አብሯት ነው የሚመለሰው።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። ባርናባስ ግን በፈገግታ መዝገቡን ዘጋ። «አሁን ኮሚቴው አጨዳ ላይ ነው፣ እናቴ። አውድማው ሲያልቅ በሰንበት ቀን መጥተን እናያችኋለን። እድሩ የሚቀብረው ከተመዘገባችሁ ሦስት ወር ሲሞላ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ይገዙ ጓዳ ገባ።

ለእሱ የነገረችው ማታ፣ ቢታንያ ከሥራ ከተመለሰች በኋላ ነው። ይገዙ ብዙ ቆይቶ «ሳልሞት ቀበርሽኝ እኮ» አላት። ጥርሱን ለማሳየት ሞከረ እንጂ ፊቱ አልሳቀም።

«እስኪያዩህ ድረስ ብቻ ነው። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት።»

«ማሚ፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አለች ቢታንያ። አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የሰው ሕመም በየቀኑ በፊደል ተራ ስታስቀምጥ ትውላለች። «አባዬ እስረኛ ነው እንዴ? ደግሞ ስትረስ አታድርጊ፤ አሁን እኮ የቀብር አገልግሎት አለ፤ ስልክ ሲደወልላቸው ይመጣሉ፣ ሁሉንም ይጨርሳሉ።»

«ሬሳ በስልክ?»

«ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሰዉ ሁሉ የምትይው አንቺ የምታውቂውን ነው። እዚህ ከእሱ ጋር የምውለው እኔ ነኝ።»

ይገዙ በመሃላቸው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲያይ ቆየ። «እኔን የምትጠይቁኝ መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ። 

ሁለት ሦስት ሳምንት ያለችው አለፈ። አጨዳው ቢያልቅ ውቂያው መጣ፤ ውቂያው ቢያልቅ ኦቦ በዳዳ የልጃቸው ሰርግ ነው ተባለ። የጓዳው መስኮት ትንሽ ናት፤ በታጨደው ማሳ በኩል ታያለች። ይገዙ ቀድሞ በቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ ጠዋት ፀሐይ በምትመታው ቦታ ተቀምጦ ያለፈ ያገደመውን ሰላም ሲል ነበር የሚያረፍደው። አሁን ቦታው ባዶ ሆኖ ፀሐይዋ ብቻዋን ትመጣና ትሄዳለች። የወይንሐረግ ቆርቆሮ በሩን በሰንሰለት መዝጋት ለመደች። ልብሱን ቤት ውስጥ ገመድ ዘርግታ ታሰጣለች። ሐኪም ቤት የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ በጋቢ ተከናንቦ ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ ሯጮቹ ሲያልፉ ጥግ ይይዛሉ።

ሳሉ ነው ያስቸገራት። ነፋስ ባለበት ቀን ደግ ነው፤ ጸጥ ባለ ቀን ግን አንዲት ሳል ሦስት አጥር ተሻግራ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሬዲዮውን ከፍ ታደርግ ነበር። በኋላ አንድ ቀን እሱ ሲያስለው ዱርሲቱ ከአጥሩ ማዶ ስትራመድ ሰማችና በድንጋጤ እሷም አብራ ሳለች። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ፤ እሱ ሲጀምር እሷ ወደ ግቢ ወጥታ ትቀበለዋለች። ዱርሲቱ አዘነችላት። በማር የተለወሰ ነጭ ሽንኩርት በብርጭቆ ይዛ መጣችና «እኔ ፊት ካልበላሽ አልሄድም» ብላ በሩ ላይ ቆመች። የወይንሐረግ ሁለት ማንኪያ ዓይኗ እያለቀሰ ዋጠች። ከጓዳ ትንሽ ሳል ተሰማ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የወይንሐረግ በረዥሙ ሳለች። ዱርሲቱ «ረቢ ሃ ፈይሱ፣ እግዜር ይማርሽ» ብላ ብርጭቆዋን ተቀብላ ሄደች።

ያን ዕለት ይገዙ «ጎበዝ ተዋናይ ወጣሽ» አላት። ቀጥሎ ግን ፊቱን ወደ መስኮቷ አዞረ። «ወይኔ፣ ሰው ናፈቀኝ።»

 በዚያ ሰሞን የምታስበው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚፈስ ነበር፤ እስኪመጡ ይቆይልኝ፣ ከመጡ በኋላም ሦስት ወሩ እስኪሞላ ይቆይልኝ። ሲተነፍስ ትቆጥራለች። እየቆጠረች እንደሆነ ሲገባት ታፍራለች፤ እንደገና ትቆጥራለች።

ታኅሣሥ አሥራ ሦስት እሑድ እንመጣለን የሚል መልእክት ደረሳት።

ያን ጠዋት ቢታንያ አባቷን ላጨችው። የወይንሐረግ የጡረታው ቀን የለበሰውን ሙሉ ልብስ ተኮሰች። ኮቱ ሰፍቶታል። ጫማው ግን ጠበበ፤ ያበጠው እግሩ አልገባ አለ። በሳሙና ሞከሩት፣ በፌስታል ሞከሩት። አልሆን ሲል ይገዙ «መጠረዣ ቢላዋዬን አምጪልኝ» አላት።

«ምን ልታደርግ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ቆዳ ቆርጫለሁ።»

ቢላዋውን ተቀብሎ የጥቁሩን ጫማ ተረከዝ በስፌቱ ላይ ቀስ ብሎ ተረተረው፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን። አንድም ቦታ አልዘለለም። ከፊት ሲታይ ጫማው ጫማ ነው። የወይንሐረግ አግዳሚው ፊት ጠረጴዛ አቁማ ረዥም ጨርቅ አለበሰችውና ባሏን ከኋላው አስቀመጠችው። እንግዶቹ ሲገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሲወጡም ተቀምጦ ይሸኛል። ዕቅዱ ይኸው ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱ መጡ። ኦቦ በዳዳ ረዥም፣ ቀጭን፣ ከሰባ አምስት ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከባድ ካፖርታቸውን በፀሐይም አያወልቁም። ባርናባስ መዝገቡን በብብቱ ይዟል። ዱርሲቱ ትልቋን ነጠላዋን ለብሳለች።

«ይቅር በሉኝ፣ ተነሥቼ አልተቀበልኳችሁም» አለ ይገዙ። «ወገቤን ዛሬ ብርድ ብጤ...»

«ኖር አያስፈልግም» አሉ ኦቦ በዳዳ። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን አዙረው በመደገፊያው ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። «የሌላ እድር ወንበር ነው።»

«ፈርሶ ነው። ድርሻችን ነው» አለ ይገዙ።

«እድር ይፈርሳል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። የጠየቁት ለራሳቸው ይመስል ነበር። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ አስኬዱ። «አይ ጊዜ። ሥራዎት ምን ነበር፣ አቶ ይገዙ?»

«መጽሐፍ እጠርዝ ነበር።»

«መጽሐፍ ቅዱስም?» አለ ባርናባስ።

«መጽሐፍ ቅዱስም፣ የፓርቲ ፕሮግራምም። ክሩ አንድ ነው።»

ኦቦ በዳዳ ሳቁ። የወይንሐረግ ትከሻዋ ትንሽ ወረደላት። ጠዋት እጥፍ አድርጋ የሰጠችው የሽሮፕ ማንኪያ እስካሁን ሠርቷል፤ አላሳለም። ባርናባስ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከቅጹ ላይ እያነበበ ይጠይቅ ጀመር። ስም። የቤተሰብ ብዛት። ሃይማኖት፣ ለቀብር ቦታ ያህል። ተጠሪ። ቢታንያ በየተራው መለሰች። ከዚያ ባርናባስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቤቱ ውስጥ አልጋ የያዘ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አለች የወይንሐረግ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው።

ባርናባስ እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አወረደ።

«ቆይ ልጄ፣ አትጻፍ» አለ ይገዙ። «አለ። እኔ ነኝ።»

የወይንሐረግ የበሩን መቃን ያዘች። በጆሮዋ ውስጥ ጭቃ የያዘው ጎማ ሲሽከረከር ተሰማት። ባሏ ዞር ብሎ አላያትም። «ልቤ ነው» ሲል ቀጠለ። «የደበቀችኝ ለእኔ ብላ ነው። እኔም ተስማምቼ ነው የተደበቅኩት። ግን ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ በእጁ ሊቀብረኝ ስሜን ሲያስጽፍ፣ እንዴት አድርጌ እዋሸዋለሁ?»

 ዱርሲቱ ወደ የወይንሐረግ ዞረች።

«ነጭ ሽንኩርቱን እሳቸው ናቸው የበሉት?»

«እኔ ነኝ የበላሁት።»

«እህ፣ እሺ። እትዬ የወይን፣ የወንድ ሳልና የሴት ሳል ላልለይ ነው? ላሞቼ እንኳን ለምደውት ነበር። ጋሼ ይገዙ ያላሳሉ ቀን ቀና ብለው ያያሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያልነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የተደበቀ ሰው እኔ ልግለጥ?»

ኦቦ በዳዳ እጃቸውን አነሡ። «ባርናባስ፣ ደንቡን አንብብላት።»

ባርናባስ ከመዝገቡ ኋላ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙን አስታውቆ ሲመዘገብ፣ የጥበቃ ጊዜው በሦስት ወር ፈንታ ስድስት ወር ይሆናል። ሕመሙን ደብቆ የተመዘገበ ግን ይሰረዛል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላውም እንደገና አይመዘገብም።»

«አስታውቆ ሲመዘገብ?» አለች የወይንሐረግ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ይመዘገባል ማለት ነው? እንደታመመ?»

«ለምን አይመዘገብም? እድር ለጤነኛ ብቻ ከሆነ ምን ያደርጋል?»

ወደ ዱርሲቱ ዞረች። ዱርሲቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። «ጥጃው...» አለች ቀስ ብላ። «ልጨርስልሽ ስመለስ ሄደሻል። ደግሞ ለዘመዴ ነው አልሺኝ።»

ባርናባስ መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ያመለከቱት ጥቅምት ሦስት ነው። ያኔ ቢነግሩኝ ሚያዝያ ሦስት ያልቅ ነበር። አሁን ከዛሬ ነው የሚጀምረው። ሰኔ አሥራ ሦስት።»

ሰባ ቀን። በጓዳ የዋለው፣ ፀሐይ ያላየው፣ ሰው የናፈቀው ሰባ ቀን አንዱም አልተያዘለትም። የወይንሐረግ የበሩን መቃን ለቅቃ ሽማግሌው ፊት መጣች።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ምን በደለ? እነዚያን ቀኖች ይቁጠሩለት። ሰኔ እኮ...» ሰኔ ሩቅ ነው ልትል ነበር። ባሏ ፊት መጨረስ አልቻለችም።

ኦቦ በዳዳ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ለአንቺ ብቆጥር ለካቻምናዎቹ ምን እላቸዋለሁ? አባታቸው ጓደኛዬ ነበር፤ አንድ ላይ ነው ከብት የጠበቅነው። ድንኳን ከልክዬ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ለብቻዬ ሄጄ ቀበርኩት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም። ደንቡ በእሱ ላይ ሠርቶ በእናንተ ላይ ከታጠፈ፣ እኔ ያን ቀን ምን ነበርኩ?»

«አልካዱም እኮ» አለች ዱርሲቱ። «ተናግረዋል።»

«ሳይጻፍ ተናግረዋል» አሉ ኦቦ በዳዳ። «ያልተጻፈ ውሸት የቤታቸው ነው፤ እድሩ አያውቀውም። ባርናባስ፣ ‹አለ› ብለህ ጻፍ። ቀኑን የዛሬውን አድርግ።»

ባርናባስ ጻፈ። ይገዙ ፈረመ፤ ፈርሞም ወረቀቱን ከመዝገቡ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ መለሰለት። ከዚያ ሽማግሌው ሊመርቁ ተነሡ፣ ሁሉም ተነሣ። የወይንሐረግ ዘልላ «እሱ ይቀመጥ» ልትል ስትል ይገዙ ጠረጴዛውን ገፍቶ ቆሟል። የተተረተረው ጫማ ከተረከዙ ተከፍቶ ቀይ ያበጠ ሥጋው ታየ። ኦቦ በዳዳ አዩት፣ ዓይናቸውንም ወዲያው አነሡ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ነው፤ ረዥም ነው። እሷ የምታውቀው «ፈያ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ቃሉ በመጣ ቁጥር ጮክ ብላ አሜን ትላለች። በመዳፏ የባሏን ክንድ ይዛለች፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ቶሎ ይጨርሱ፣ ቶሎ ይጨርሱ ትላለች በልቧ። ምርቃቱ ራሱ እንዳይጥለው ፈራች።

ማታ፣ ራት ላይ፣ ይገዙ ጨው የሌለውን ወጥ እያገላበጠ «ከሰኔ አሥራ ሦስት በኋላ መሞት ይፈቀድልኛል ማለት ነው?» ሲል ጠየቃት።

ቢታንያ «አባዬ!» አለች። የወይንሐረግ ግን ሳቀች። ሳቋ አልቆም አላት፤ ቆይቶ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ይገዙ የተላጨ ጉንጩን አስጠግቶ «እንግዲህ እንባሽ ለእኔ ነው ወይስ ለድንኳኑ?» አላት በሹክሹክታ። ይህን ከሰባ ቀን በፊት ጠይቋት ቢሆን ትቆጣ ነበር። አሁን እውነቱን ፈለገችው፤ ስትፈልገው ሁለቱ ተጣብቀው አገኘቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሰንሰለቱን ፈትታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ይገዙ ወንበሩን ከግድግዳው ጥግ አስወጥታ ከበራፍ ላይ እንድታደርግለት ለመናት። ሯጮቹ አልፈው ነበር። ወደ ፋብሪካው የሚሄዱት ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ ከስንዴው ማሳ ወዲያ አንድ ሰው በሬ ይነዳል። ይገዙ ለሁሉም እጁን ያነሣል። ወሬ ተርቧል። አንዱን ስሙን ይጠይቃል፣ ለሌላው ስሙን ይነግራል፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ መንገዱ፣ ማተሚያ ቤት በነበረበት ጊዜ ስለ ጠረዘው አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ያወራል። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሃል አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። የወይንሐረግ ከኋላው ቆማ ጋቢውን ታስተካክልለታለች። ዝም በል ልትለው ትፈልጋለች። የሚናገረው ቃል ሁሉ ከሰኔ ላይ የሚቀነስ ይመስላታል። ዝም ካሰኘችው ደግሞ ጓዳ መለሰችው ማለት ነው።

ጣቢታ የምትባል፣ ከታች ካሉት የኪራይ ቤቶች በአንዱ የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ሰላምታ ሰጥታ ልታልፍ ስትል እግሩን አየችና ቆመች።

«አባታችን ምን ሆነው ነው?»

ይገዙ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ወደ ሚስቱ ቀና ብሎ አየ። መንገዱ ላይ ከጣቢታ ሌላ ሁለት ሴቶች ቆመው ይሰማሉ። ዱርሲቱም ከላሞቿ መሃል ቀና ብላለች።

«ልቡ ነው» አለች የወይንሐረግ። «ከታመመ ሰንብቷል።»

ጣቢታ ሰዓቷን ተመለከተች፤ ፈረቃው ሊደርስባት ነው። ቢሆንም ምሳ ዕቃዋን መሬት አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። የወይንሐረግ አንድ እጇ በባሏ ትከሻ ላይ ሆኖ ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ በመዳፏ ታዳምጥ ነበር።